እህቴ ሥራ ፈት አይደለችም

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ስለ ድብርት ሊያወራ አንድ አነቃቂ ተናጋሪ ጋብዞ ነበር። ሰውየው ድምፁ ያምራል፣ ንግግሩም አይደናቀፍም። ድብርት ሥራ የፈታ ሰው ችግር ነው አለ። ጠዋት ተነስቶ ላቡን የሚያፈስ ሰው ለመደበር ጊዜ የለውም አለ። እሱ አሠሪ ቢሆን "ደበረኝ" ብሎ ፈቃድ ለሚጠይቅ ሠራተኛ ፈቃድ እንደማይሰጥ ተናገረ። አባቶቻችን አያውቁትም፣ ከፈረንጅ የመጣ ነው ብሎም ጨመረበት። አዘጋጁ አመስግኖት ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

ታላቅ እህቴ ይህን የሰማችው ምጣድ ላይ ሆና ነው። እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች፣ በቀን ከ200 በላይ። ሬዲዮዋ ከሊጡ በርሜል በላይ መደርደሪያው ላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ፕሮግራሙ ሳያልቅ ደወለችልኝ።

"ስማ፣ እኔ ሥራ ፈት ነኝ እንዴ?" አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ ነው። ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

እህቴ ዓምና ስትታመም አንድም ቀን ከሥራ አልቀረችም። አንድም ቀን። ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ትነቃና ጣራ ጣራ ስታይ ትቆያለች። 10 ሰዓት ሲሆን ትነሳና ምጣዱን ታስሳለች። እንጀራው ዓይን ያወጣል፣ ሰፌዱ ይሞላል፣ የምግብ ቤቱ ልጅ መጥቶ ቆጥሮ ይወስዳል። አንድም ደንበኛ ቅር አላለውም። ቤት ውስጥ ግን ወጥ ሁለት ጊዜ ያለ ጨው ሠራች። ቡና ተፈልቶ ስኒው እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ፀጉሯን መሠራት ተወች። የልጆቿ ጨዋታ እንኳ ያደክማት ጀመር። ራሷን የምትጠላው ደግሞ በዚህ በዚህ ነበር። "ልጆቼ ሲስቁ የሚከፋኝ ምን ዓይነት እናት ብሆን ነው?" ትለኝ ነበር።

እንግዲህ ሰውየው ይንገረኝ። ይህች ሴት ምን ያህል ላብ ታፍስ? ስንት እንጀራ ትጨምር? 300? 400? ሥራ ቢያድን ኖሮ እህቴ የከተማው ጤነኛ ሰው በሆነች ነበር። ሊስትሮው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ቤይሩትና ሪያድ ሰው ቤት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትለፋው ልጅ፣ ሌሊት ተረኛ ዘበኛው፣ እነዚህ ሁሉ ድብርት አይነካቸውም ነበር። ይነካቸዋል። ዝም ብለው እየሠሩ ነው የሚታመሙት። ሥራ ካቆሙት ደግሞ ብዙዎቹ ሥራ ስላቆሙ አልታመሙም። ስለታመሙ ነው ያቆሙት። ሰውየው ጋሪውን ከፈረሱ ፊት አስሮ "ለምን አይሄድም?" ይላል።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። መንቀሳቀስ ይረዳል። በእግር ትንሽ መሄድ፣ ፀሐይ መሞቅ፣ በቀን አንድ ትንሽ ነገር ጀምሮ መጨረስ፣ ይህ የሕክምናው አካል ነው። ነገር ግን ታማሚ እየተደገፈ ቀስ በቀስ የሚሠራውን ነገር ለስድብ ማዋል ሌላ ነው። እግሩ ለተሰበረ ሰውም በኋላ ላይ መራመድ ይታዘዝለታል። ጄሶ ሳይታሰርለት "ሩጥ" የሚለው ግን የለም።

ሌላው ያናደደኝ ነገር "እኛ ኢትዮጵያውያን እርዳታ አንጠይቅም" የሚለው የተለመደ ወሬ ነው። እሱም አለው፣ ሌላውም ይለዋል። ሐሰት ነው። እህቴ ሳትጠይቅ የቀረችበት ወር የለም። መጀመሪያ ሆዴን ያቃጥለኛል ብላ ክሊኒክ ሄደች። ጨጓራ ነው ተባለች፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ለሆነው ለኤች ፓይሎሪ የሚሰጠውን መድኃኒት በሙሉ ዋጠች። አልተሻላትም። ራሴን ብላ ሌላ ክሊኒክ ሄደች። ታይፎይድ ተባለች። ወገቤን ብላ ሦስተኛ ቦታ ሄደች። ሁለት ሱባኤ ጠበል ገባች። በመጨረሻ ለእኔ ነገረችኝ፣ እኔም "አይዞሽ፣ ጠንከር በይ፣ ከአንቺ የባሰ ስንት አለ" አልኳት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር አልደወለችልኝም። የጠየቀችው አምስት ጊዜ ነው። አምስተኛው ላይ የዘጋሁባት እኔ ነኝ፣ ይህን ሳስበው አሁንም ያመኛል።

እኛ ሐዘን የምናስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው። ሆድ ባሰኝ እንላለን። ሆዴ ተረበሸ፣ ሆዴን ባር ባር አለው፣ ሆድ ይፍጀው እንላለን። እህቴ ሆዴን ብላ ክሊኒክ ስትሄድ በገዛ ቋንቋዋ እውነቱን ተናግራለች። ሐኪሙ ግን ሆዷን ብቻ አየ። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ዓመታት የፈጀ ሥራ ተሠርቷል። ያስተማረን ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። የጤና ባለሙያዎች ሠልጥነውም እንኳ ድብርትን ለይቶ ማወቁ በጣም ነው ያስቸገራቸው። ሰው ድብርት ይዞኛል ብሎ አይመጣማ። ራሴን፣ ሆዴን፣ ወገቤን፣ እንቅልፌን ብሎ ነው የሚመጣው።

ቃሉም አላገዘንም። ፊልም ሲያሰለቸን ደበረኝ፣ ታክሲ ሲዘገይ ደበረኝ፣ እሁድ ከሰዓት መብራት ሲጠፋ ደበረኝ። እህቴም "ደብሮኛል" ስትል ማንም አልደነገጠም። ባለሙያዎች ሕመሙን "ድባቴ" የሚሉት አንዱ በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። በሕክምናው ወግ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ቀኑን አብዛኛውን፣ ማዘን ወይም ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት አለ። እንቅልፍ ይዛባል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ራስን መውቀስ ይበዛል፣ የሞት ሐሳብ ይመጣል። ሰዎቻችሁ መካከል እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚያወጣ ካለ ምክራችሁን ተዉትና አብራችሁት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ብቻውን አትተዉት።

ወደ አባቶቻችን ልመለስ። ሰውየው አማኝ እንደሆነ በንግግሩ ደጋግሞ ነግሮናል። እንግዲያው ነቢዩ ኤልያስን ያውቀዋል። ኤልያስ ከታላቅ ድል ማግስት ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን የለመነ ሰው ነው። ሥራ ፈት ነበር? መልአኩ ሲመጣስ ምን አደረገ? ዳሰሰው፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በልቶ ጠጥቶ እንደገና ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፣ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ተግሳጽ የለም፣ "ጠንክር" የለም። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምተን ነው ዛሬ በሽታው ከፈረንጅ መጣ የምንለው?

ጠበሉንም የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። እህቴ ዛሬም ትጠመቃለች። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አይጋጩም ብለዋል። ለዚያኛው ከሠራ ለዚህኛው የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ፈቃዱም ላንሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የሚጠይቀው የሐኪም ማስረጃ ነው። ሆድ ይሁን ራስ፣ ልብ ይሁን አእምሮ ብሎ አይለይም። የሐኪም ማስረጃ እያለ "አልሰጥም" የሚል አሠሪ ሕግ እየጣሰ ነው። ይህንን በአየር ላይ ለማሞገስ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

እህቴን ያዳናት አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ለወገቧ ማስታገሻ ልትወስድ ሄዳ ነርሷ መጻፏን አቆመችና "እንቅልፍስ እንዴት ነው?" አለቻት። ቀጥላም "ደስ የሚልሽ ነገር ከጠፋ ስንት ጊዜ ሆነው?" አለቻት። እህቴ እዚያው አለቀሰች። ነርሷ በሩን ገጭ አድርጋ ዘግታ ወንበሯን አስጠጋች። በሪፈር ሆስፒታል ሄዳ ፍሉኦክሴቲን የተባለ የድባቴ መድኃኒት ተጀመረላት። በአሥረኛው ቀን አቆመችው። ጎረቤት ሱስ ያስይዛል ብሏት ነበር፣ ለውጥም አላየችም። መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም። ነገር ግን የሚሠራው በሳምንታት ነው፣ ከተሻለ በኋላም ለወራት ይወሰዳል፣ በራስ ፈቃድ በድንገት አይቆምም። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳትም ነበር። ተመልሳ ጀመረች። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ፀጉሯን ተሠራች።

ሰፈር ግን አልለቀቃትም። "አማኑኤል ሄደች" ተባለ። ሄዳም አታውቅም። ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረውን ቤት ስም ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። አንድ ሰው ወባ ሲይዘው አጥሚትና ብርቱካን ይዘን እንሄዳለን። እህቴ ዘንድ የሄደ ሁሉ ምክር ይዞ ነው የሄደው፣ እኔን ጨምሮ።

ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ቅዳሜም አለ። አዘጋጁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ይጥራ፣ ለሰውየው የሰጠውን ያንኑ ሰዓት ይስጣት። መስመሩንም ለአድማጭ ይክፈት። እህቴ ትደውላለች፣ ሬዲዮዋ ምጣዱ አጠገብ ነው።