ዋንዛውን ጠራቢውም ያውቀዋል
የግብርና፣ የጤናና የአርት ተመራማሪዎች ባንድ ቲም ይስሩ ያላችሁት ነገር ለኛ ለጅማዎች እኮ አዲስ አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲያችን ራሱ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው የተፈጠረው። ስሙ ተዋሃደ እንጂ ሰዎቹ አሁንም ለየብቻ ነው ሚሰሩት ባይ ነኝ (ተማሪዎቹን ማህበረሰቡ ውስጥ ማሰማራቱ ግን ይመቸኛል)። የቡና እጥበት ሲደርስ ወንዙን እዩት እስቲ፣ የገለፈቱ ጭማቂ ስኳር ስላለው ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ይሸታል፣ እኛ ጋ ከብቱ እንኳ አልጠጣም ይላል፣ ገላውን የታጠበበት ሰው ደሞ ሲያሳክከው ያድራል። እና ይሄ የግብርና ነው የጤና?

አርቱ ምን አገባው ለምትሉ ደሞ፣ የጅማ በርጩማ የሚጠረበው ከዋንዛ ነው፣ ዋንዛ ማለት ደሞ የቡናው ጥላ ነው፣ ዛፉ ካለቀ ቡናውም በርጩማውም ተያይዘው ነው ሚሄዱት። ጠራቢዎቹ የቱ እንጨት እንደሚሰነጠቅ የቱ እንደሚቆይ በጃቸው ያውቁታል ግን ሪሰርች ሲሰራ ቁጭ ብሎ ሚጠይቃቸው አላየሁም፣ ቢበዛ ፎቷቸው የሪፖርቱ ሽፋን ላይ ይወጣል ሃሃ