የማይጠይቅ አሜን ይክበር

የዘመናችን ክርስቲያን በብዙ ነገር ይታማል። ለጸሎት ይሰንፋል፣ ለምጽዋት እጁ ያጥራል፣ ስብከት ላይ ያንቀላፋል ይሉታል። በአንድ ነገር ግን ማንም ሊያማው አይችልም፤ በአሜኑ ፍጥነት። አገልጋዩ መድረክ ላይ ቆሞ «አንድ ሰው አለ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ወገቡን…» ብሎ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ወገቡ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደዳነ ሳይነገር አሜኑ ጣሪያውን ያናውጠዋል። በሽታው ገና በስሙ አልተጠራም፤ ፈውሱ ግን ታውጇል። ይህን ያህል ቅልጥፍና ያለው ጉባኤ ሊመሰገን ሲገባው፣ «እስኪ ቆዩ፣ እንጠይቅ» የሚሉ ሰዎች በየወንበሩ ብቅ ብቅ ማለታቸው ያሳዝናል።

እኔ በበኩሌ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የበሽታ ምርጫውን ነው። ወገብ፣ ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ «ውስጤን ሲከብደኝ የኖረ ነገር»፣ «ሐኪሞች ያላወቁልኝ»። ዓይን የማያየው፣ መሣሪያ የማይለካው፣ ባለቤቱ «ተሻለኝ» ባለ ጊዜ የሚያበቃ፣ ሌሊት ቢመለስም ከባለቤቱ በቀር ማንም የማይሰማው ሕመም ሁሉ መድረክ ላይ ተሰልፎ ይድናል። እግሩ የተቆረጠ ሰው ግን በዚያ ሰልፍ ላይ አዲስ እግር አብቅሎ ሲወርድ አይታይም። እግር ያጡ ሰዎች ምን ያህል ትዕግሥተኞች ቢሆኑ ነው ተራቸውን ሁልጊዜ ወገቡን ለሚያመው የሚለቁት!

እግር ከተነሳ፣ አጭሩ እግር የሚረዝምበትን ተአምርማ ማን ይረሳል? ሕመምተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አገልጋዩ ሁለቱን እግሮች በእጁ ያነሳል፣ ጉባኤው አንገቱን ያሰግጋል። እውነትም አንዱ እግር ያጠረ ይመስላል። ይጸለያል፤ ሁለቱም እኩል ይሆናሉ። ዘዴውን የሚያውቁ ክፉ ሰዎች እንደሚሉት አንደኛው ጫማ ከተረከዙ ትንሽ ላላ ተደርጎ ወደ ፊት ይሳባል፤ ጸሎቱ ሲጋል ቀስ ተብሎ ወደ ቦታው ይገፋል። ይህ እውነት ከሆነ የተፈወሰው ጫማው ነው። ታዲያ ጫማስ ቢሆን መፈወስ አይገባውም?

ጠያቂዎች ከሁሉ በላይ የሚጠቅሱት የፒተር ፖፖፍን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ በቴሌቪዥን ዝናው የገነነው ይህ ሰባኪ ከዚህ በፊት አይቷቸው የማያውቃቸውን ሰዎች በስማቸው ይጠራ፣ በሽታቸውንና የቤታቸውን አድራሻ ሳይቀር ይናገር ነበር። በ1986 ጄምስ ራንዲ የተባለ የምትሃት ትርዒት ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር የሬዲዮ መቀበያ ይዞ ጉባኤው መሃል ገባ። መገለጡ በ39.17 ሜጋኸርዝ ሲተላለፍ ተገኘ። ድምፁ የሰባኪው ባለቤት የኤልሳቤጥ ነበር፤ ሕመምተኞቹ ከጉባኤው በፊት በጸሎት ካርድ ላይ የጻፉትን በጆሮው ወደተሸሸገችው ማዳመጫ ታነብለት ነበር። ራንዲ የቀረጸውን ድምፅ አገር በሙሉ በሚያየው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ አሰማ፤ በተከታዩ ዓመት አገልግሎቱ ኪሳራ አወጀ።

ደካማ ክርስቲያን ይህን ሲሰማ ይናወጣል። ብርቱው ግን መልስ አያጣም፤ እግዚአብሔር በበለዓም አህያ አፍ ከተናገረ በሬዲዮ ሞገድ መናገር ምን ያቅተዋል? ይልቅ የሚያስገርመው የራንዲ ድፍረት ነው። ይኸው ሰው እንደጻፈው በእንዲህ ያሉ ጉባኤዎች በእግራቸው የመጡ አረጋውያን በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይቀርብላቸውና ወደ ፊት ተገፍተው ይቀመጡ ነበር። ኋላ «ተነሣና ሂድ» ሲባሉ ተነሥተው ይሄዳሉ። ሲመጡም ይሄዱ ነበር፤ ያንን ግን ማን ጠየቃቸው?

ሌላው ሰላም ነሺ ዊልያም ኖለን የተባለ ቀዶ ሐኪም ነው። ካትሪን ኩልማን በምትመራው የፈውስ ጉባኤ ላይ ተገኝቶ፣ ዳንን ያሉትን 23 ሰዎች ስምና አድራሻ ይዞ በኋላ ተከታተላቸው። በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ በአካላዊ በሽታ ከተያዙት መካከል የተፈወሰ አንድም እንዳላገኘ ጻፈ። ከእነርሱ አንዷ የአከርካሪ ካንሰር ነበረባት። መድረክ ላይ የጀርባ መደገፊያዋን አውልቃ ሮጠች፤ ጉባኤውም በደስታ ፈነዳ። በማግስቱ አከርካሪዋ ተሰበረ፤ ከአራት ወር በኋላ ሞተች።

ልብ በሉ፤ ጥፋቱ የኖለን ነው። ምስክርነት የሚያገለግልበት ቀን አለው፤ መድረክ ላይ ተሰጥቶ መድረክ ላይ ያበቃል። ማን «ከአራት ወር በኋላ ሂድና እይ» አለው? ስሜት ሲግል ሰውነት ሕመምን ለሰዓታት ሊያፍን እንደሚችል፣ አንዳንድ በሽታዎችም በተፈጥሯቸው ጋብ ብለው እንደሚመለሱ ሐኪም ሁሉ ያውቃል። ካሜራው በሚበራበት ሰዓትና ሕመሙ በሚመለስበት ሰዓት መካከል ያለችውን ያቺን ውድ ክፍተት ጠብቆ የመቅረጽ ጥበብ ግን በሕክምና ትምህርት ቤት አይሰጥም።

ከዚያ ደግሞ የሒሳብ አያያዙ አለ፤ ባለሙያ ሁሉ ሊማረው ይገባል። ሕመምተኛው ከዳነ በአገልጋዩ ላይ ያለው ቅባት ሠራ። ካልዳነ ሕመምተኛው እምነት ጎደለው። ትርፉ ሁልጊዜ ወደ መድረኩ፣ ኪሳራው ሁልጊዜ ወደ ወንበሩ ይገባል። ታሞ የመጣ ሰው ታሞና በደለኛ ሆኖ ይመለሳል፤ ባዶ እጁን ሄደ ማለት አይቻልም።

በዚህ ሒሳብ ሐዋርያው ጳውሎስ ከሥራ መባረር ነበረበት። ጥሮፊሞስን ታሞ ሳለ በሚሊጢን ትቶት ሄደ፤ «እምነትህን ፈትሽ» ብሎ አልገሠጸውም። ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ደጋገመበት ድካም ትንሽ ወይን እንዲጠጣ መከረው። የራሱ ሥጋ መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ እንዳልተወገደ ራሱ ጽፏል፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ዛሬ ከአገልግሎት ቢሮ ከመውጣቱ በፊት ይቀደዳል። በዚያ ላይ የጉዞ ባልደረባው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር። ንጉሥ ሕዝቅያስ እንኳ በነቢይ አፍ ዕድሜ ተጨምሮለት ሳለ፣ ያው ነቢይ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዝዟል። የትኛው የዘመኑ ነቢይ ነው ይህን ያህል ራሱን ዝቅ የሚያደርግ?

የዛሬው «መድኃኒትህን ጣል» ይላል። ይህ የሁሉም ቁንጮ ነው። ሰውነቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ የስኳር ሕመምተኛ መርፌውን ከተወ በቀናት ውስጥ ደሙ ይመረዛል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣና ሊገድል ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቆም ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበዛል። እምነት ያለው አገልጋይ ግን ለእንዲህ ያለ ዝርዝር ጊዜ የለውም፤ ቀብር በአዳራሹ ውስጥ አይፈጸምም፣ የቀብር ሥነ ሥርዓትም በቀጥታ ስርጭት አይተላለፍም። ሟች ምስክርነቱን ለማረም ተመልሶ ወደ መድረክ አይወጣም።

የሉርድ ሰዎችን አሠራር ሳስብ ደግሞ ትዕግሥቴ ያልቃል። በ1858 በርናዴት የተባለች ልጅ ድንግል ማርያምን አየሁ ባለችበት በዚያ የፈረንሳይ ከተማ፣ ከ1883 ጀምሮ ሐኪሞች የተቀመጡበት ቢሮ አለ። ዳንኩ የሚል ሰው የቀድሞ የሕክምና ማስረጃውን ይጠየቃል። ሐኪሞቹ ካቶሊክ መሆን እንኳ አይጠበቅባቸውም። መለኪያው ኋላ ቤኔዲክት 14ኛ ተብሎ የሮማ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆነው ላምበርቲኒ በ1730ዎቹ የጻፈው ነው፦ በሽታው ከባድ ይሁን፣ ሊሻለው የተቃረበ አይሁን፣ መድኃኒት ያዳነው አይሁን፣ ፈውሱ ድንገተኛ፣ ፍጹምና የማይመለስ ይሁን። ከሰባት ሺህ በላይ ሰዎች ፈውሳቸውን አስመዝግበው እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ ቤተ ክርስቲያኒቱ ተአምር ብላ የተቀበለችው 70 ብቻ ነው። ሰባኛዋ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳንኩ ያሉ መነኩሲት ናቸው፤ አሥር ዓመት ጠበቁ። አሥር ዓመት! በእኛ አሠራር ሰባው በአንድ ምሽት፣ ያውም ከመባው በፊት ያልቅ ነበር።

ፍትሕ ለመጠበቅ ያህል፣ በሌላው ጥግ ለተቀመጠው ለተማረው ክርስቲያንም ትንሽ ምስጋና ይድረሰው። እርሱ ባሕር መከፈሉን ያለ አንዳች ማስረጃ ያምናል፤ የጎረቤቱን መዳን ግን ከነማስረጃው ይጠራጠራል። እግዚአብሔር ሁሉን ቻይ እንደሆነ በየሳምንቱ ይዘምራል፤ ችሎታው ግን ከሐዋርያት በኋላ በጡረታ የተገለለ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመውን ጥናት በቃሉ ያውቀዋል፦ 1,802 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች፣ ይጸለይላችኋል ተብለው የተነገራቸው ካልተነገራቸው የተሻለ ውጤት አለማግኘታቸው። ራሱ ሲታመም ግን ለሚያውቀው ሁሉ «በጸሎት አስበኝ» የሚል መልእክት ይልካል፤ በሚስጥር።

ወደ ፈጣኖቹ ልመለስ። እነርሱን የሚያስቸግራቸው ራሱ ወንጌሉ ነው። ዐሥሩ ለምጻሞች «ሂዱና ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ተባሉ፤ ይህም በሙሴ ሕግ መሠረት ካህኑ አይቶ የሚያረጋግጥበት ሥርዓት ነበር። ሰውየው ነጽቷል ከተባለም በኋላ ሰባት ቀን ከድንኳኑ ውጭ ይቆይ ነበር። በሌላ ጊዜ የዳነው ለማንም እንዳይናገር ታዘዘ፤ ለካህኑ ብቻ እንዲታይ። ማስታወቂያው ተከልክሎ ምርመራው ታዘዘ ማለት ነው። ከዕውርነት የተፈወሰውን ደግሞ ጎረቤቶቹ «እርሱ ነው»፣ «አይደለም፣ ይመስለዋል» ብለው ተከራከሩበት፤ ፈሪሳውያን መረመሩት፣ ወላጆቹን አስጠርተው ጠየቁ፣ እርሱንም ሁለተኛ ጠሩት። ሰውየው አልተርበደበደም፤ ዕውር እንደነበረ፣ አሁን እንደሚያይ ተናገረ። «ለምን ትጠይቁኛላችሁ፣ እምነት የላችሁም?» አላለም። ያ ሁሉ ጥያቄ ወርዶበት ፈውሱ ንቅንቅ አላለም። በእኛ ዘመን ቢሆን አስተናጋጁ ገና ከመጀመሪያው ጥያቄ ማይክሮፎኑን ይነጥቀው ነበር።

ምስኪኑ ግያዝም ዘመኑን ቀድሞ ተወለደ። ኤልሳዕ ንዕማንን ከለምጹ አድኖ አንድ ሳንቲም አልቀበልም ሲል፣ ግያዝ ከኋላው ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ። ለምጽ ወረሰ። ዛሬ ቢሆን የአጋርነት ክፍል ኃላፊ ይሆን ነበር።

ፖፖፍም ቢሆን ወድቆ አልቀረም፤ እንደ እኛ ያለ ይቅር ባይ ጉባኤ ባለበት ማን ወድቆ ይቀራል! ከኪሳራው ከዓመታት በኋላ ወደ ቴሌቪዥን ተመልሶ በትንሽ እሽግ የተሞላ «ተአምራዊ የምንጭ ውኃ» ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ መላክ ጀመረ። ውኃው በነጻ ነው። ገንዘብ የሚያነሳው ከውኃው ቀጥሎ የሚመጣው ደብዳቤ ነው፤ ከዚያም የሚቀጥለው፣ ከዚያም የሚቀጥለው።