ሼር አድርገን የረሳነው

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣ ነው። ቁጣው ለእኔም ይደርሳልና ማንም እንዳይቀየመኝ።

ጠዋት ፊታችንን ሳንታጠብ ስልክ እናነሳለን። ርዕሱ "ይህ ቴክኖሎጂ ዓለምን ሊቀይር ነው" ይላል። ውስጡን ማን ይከፍታል? "ጉድ በሉ!" ብለን ሼር እናደርጋለን። ማታ ሌላ ዓለምን የሚቀይር ነገር ይመጣል፤ እሱንም እንደዚያው። በሳምንቱ የትኛው ምን እንደነበር ብንጠየቅ አፋችንን ይዘን እንቀራለን። ያ ዓለምን ሊቀይር የነበረው ነገር የት ደረሰ? ማንም አይጠይቅም።

"በዛሬዋ ዕለት በቴክኖሎጂ ታሪክ" የምትለዋን አጭር ጽሑፍም አበላሸናት። እኔ በጣም ነው የምወዳት። ግን ፎቶ፣ ቀን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ላይክ፤ አለቀ። ነገርን ከሥሩ የሚለው አባባል ተረስቷል።

ከራሴ ልጀምር። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በየዓመቱ ሴፕቴምበር 9 ሲመጣ አንዲት የእሳት እራት ሼር አደርግ ነበር። ሳታውቋት አትቀሩም። በ1947 ሃርቫርድ ውስጥ ማርክ 2 የተባለው ኮምፒውተር እምቢ ሲል ሠራተኞቹ ከፍተው ቢያዩ፣ ሪሌዩ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋው ማብሪያ ማጥፊያ) ውስጥ የእሳት እራት ተገኘች። እኔ ታዲያ ከሥሩ "የኮምፒውተር ሊቋ ግሬስ ሆፐር የመጀመሪያውን ባግ አገኘች፤ የኮምፒውተር ስህተት ባግ የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው" ብዬ እጽፋለሁ። (ባግ በእንግሊዝኛ ተባይ ማለት ነው።) ላይኩ ይጎርፋል። ስንት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልተቃወመኝም።

አንድ ቀን አንድ ልጅ "ቃሉ ከዚያ በፊት ካልነበረ ቀልዱ ምኑ ላይ ነው?" አለኝ። የምን ቀልድ? አልኩት። "ፎቶው ላይ የተጻፈውን አንብበው እንጂ" አለኝ።

አላነበብኩትም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት እያጋራሁት! አጉልቼ አየሁት። የሥራ መዝገብ ገጽ ነው። ሰዓቶቹ በእጅ ተጽፈው ወደ ታች ተደርድረዋል። 15:45 ላይ ሪሌይ ቁጥር 70፣ ፓነል ኤፍ ይላል። እራቷ ራሷ በፕላስተር ተለጥፋለች። ከሥሯ "ባግ በእውን ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው" የሚል አለ። "በእውን" የምትለዋን ልብ በሉ። መሐንዲሶች የማሽን ብልሽትን ባግ ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ቶማስ ኤዲሰን በ1878 በጻፈው ደብዳቤ ላይ እንኳ ቃሉ አለ። እንግዲህ ሰዎቹ እየቀለዱ ነበር። በስም ብቻ የሚያውቁት ተባይ በአካል መጣላቸው! ሆፐርም ብትሆን ታሪኩን እየደጋገመች ስለተናገረች ነው ከእሷ ጋር የተያያዘው እንጂ እራቷን ያገኘቻት እሷ አይደለችም። ከመጀመሪያዎቹ ኮምፓይለሮች (ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ ከሚቀይሩት) አንዱን የሠራች ሴት ናት፤ ለዝናዋ የሞተች እራት አያስፈልጋትም።

መልሱ ዓይኔ ሥር ተጽፎ ነበር። ማንበብ ብቻ ነበር የቀረኝ።

እናንተስ? "ትልቁ ዜና እንዳያመልጠኝ" ብላችሁ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ታፈጣላችሁ። ትልቁ ዜና ግን ብዙ ጊዜ ትልቅ መስሎ አይመጣም። ትራንዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚያጎላ፣ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ዕቃ) ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ የተሠራው በዲሴምበር 1947 ሲሆን ለሕዝብ የተነገረው ጁን 30 ቀን 1948 ነው። በማግስቱ ኒው ዮርክ ታይምስ ወሬውን የት አወጣው? ገጽ 46 ላይ፤ ያውም የሬዲዮ ፕሮግራሞች ወሬ በሚወጣበት አምድ መጨረሻ። አሁን በእጃችሁ ያለው ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉ።

ያው ጋዜጣ በጃንዋሪ 1920 ሮኬት አየር በሌለበት ሕዋ ውስጥ አይሠራም ብሎ በሮኬት ተመራማሪው በሮበርት ጎዳርድ ተሳልቆበት ነበር። ጁላይ 17 ቀን 1969፣ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ እየሄደች ሳለ፣ ስህተቱን አረመ። 49 ዓመት ዘግይቶ። ሳቁ፤ ያስቃል። ግን እነሱ የጻፉት ታትሞ ስለተቀመጠ ነው የሚሳቅባቸው፤ ደግሞም አርመዋል። የእኛ ወደ ታች ተንሸራቶ ይጠፋል። ስለሚጠፋም አናፍርም። ያጋራውን የውሸት ዜና ተመልሶ "ተሳስቻለሁ" ያለ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያበግነኝ ግን "ዋይ ቱ ኬ (የ2000 ዓመት የኮምፒውተር ስጋት) ውሸት ነበር" ስትሉ ነው።

የኮምፒውተር ሜሞሪ ውድ በነበረበት ዘመን ፕሮግራመሮች ዓመትን በሁለት አኃዝ ይጽፉ ነበር። 1999 ሲሆን 99፣ 2000 ሲሆን 00። ማሽኑ 00ን 1900 ነው ብሎ ከወሰደው ወለዱም፣ ዕድሜውም፣ ቀጠሮውም ይዛባል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ነጋ። እዚህም እዚያም ትንንሽ ስህተቶች ታዩ እንጂ የተፈራው አልደረሰም። "ያ ሁሉ ጩኸት ለምንም!" ተባለ። ለምንም? ሰዎች ዓመታት ተቀምጠው ያረጀ ኮድ መስመር በመስመር እየፈተሹ ስላረሙት እኮ ነው! ጣሪያችሁን ክረምት ሳይገባ የደፈነላችሁን ሰው "የታለ ፍሳሹ?" ብላችሁ ታፋጥጡታላችሁ?

ዛሬም ያው ነን። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲገባ የግማሽ ሰከንድ መዘግየት ከነከነው። ግማሽ ሰከንድ! እኔ ብሆን ልብም አልለው። እሱ ግን ለምን ብሎ ቆፈረ። ኤክስዚ የተባለው ፋይል የሚያምቅ ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ ሰው ሆን ብሎ የደበቀው የኋላ በር፣ ማለትም ያለ ፈቃድ መግቢያ ቀዳዳ አገኘ። የደበቀው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት እየሠራ አመኔታ ያተረፈ ነበር። ነገሩ ወደ ብዙ ሰርቨሮች ሳይዛመት ተያዘ። ስንቶቻችሁ ይህን ሼር አደረጋችሁ? ምንም ስላልፈነዳ ዜና አልሆነላችሁም።

ከአራት ወር በኋላ፣ ጁላይ 19፣ የፈነዳ መጣ። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ ያወጣው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አስተኛ። በረራ ተሰረዘ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ ተላለፈ። እኛስ? ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያሳየውን የሰማያዊ ስክሪን ፎቶ እየተቀባበልን ስንስቅ ዋልን። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ማለት ይህ ነው። ማሻሻያው መጀመሪያ ጥቂት ማሽኖች ላይ ቢሞከር ኖሮስ ብሎ የጠየቀ ስንት ነው? መልሱ ሲወጣ እኛ ሌላ ወሬ ላይ ነበርን።

ቀጣዩን ልንገራችሁና በኋላ አልሰማንም እንዳትሉ። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ቆጣሪው ባለ 32 ቢት (የሚይዘው ቁጥር የተወሰነ) የሆነባቸው ላይ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 በዓለም አቀፉ ሰዓት 03:14:07 ሲል ቁጥሩ ይሞላል። በሚቀጥለው ሰከንድ ማሽኑ 1901 ላይ ነኝ ብሎ ቁጭ ይላል። አሁን ይህን ስታነቡ የሚያርሙት ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው። ከተሳካላቸው ያን ቀን ምንም አይሆንም። እና እባካችሁ፣ "ይሄም ውሸት ነበር" የምትለዋን ፖስት ከአሁኑ አታዘጋጁ።

ዛሬ ማታ ደግሞ አዲስ ዜና ከመፈለጋችሁ በፊት የዛሬ ዓመት ያጋራችሁትን ክፈቱ። እኔ ትናንት ሞከርኩት። በአንድ ሳምንት ውስጥ 14 ዜና ሼር አድርጌያለሁ። ከፍቼ ማንበቤን የማስታውሰው ሁለቱን ነው። አንዱ "በጥቂት ወራት ውስጥ እጃችሁ ይገባል" ስለተባለ ዕቃ ነበር። ፈልጌ አጣሁት፤ የሠሪዎቹ ገጽ እንኳ አይከፍትም። ከላዩ ላይ "ዓለም ተቀየረች" ብዬ ጽፌበታለሁ፣ በሦስት ቃለ አጋኖ።

ላጠፋው እጄን ሰድጄ ነበር። ተውኩት። ከሥሩ "አልወጣም" ብዬ ጨመርኩበት፣ ያለ ቃለ አጋኖ።