ፐርዲስ የት ገባች?
ስለ አይቪኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘር ከማህፀን ውጭ ላብ ውስጥ አገናኝቶ ልጅ ማስወለድ) በተጻፈው ላይ "ሁለት ዶክተሮች የፈጠሩት" የምትለዋ ነገር አልተመቸችኝም። ከሁለቱ እንግሊዛውያን ሮበርት ኤድዋርድስ እኮ ሀኪም አልነበረም ተመራማሪ ነበር፣ ሀኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ ነበር። ደግሞ አብራቸው የሰራችውን ጂን ፐርዲን ምን ዋጣት? ነርስ ነበረች፣ ኤድዋርድስ ካምብሪጅ ላብ ቀጥሯት ሙያውን እዛው ለምዳ እ.ኤ.አ በ1978 በዚህ ዘዴ መጀመሪያ የተወለደችው ሉዊዝ ብራውን ገና ላብ ውስጥ ጽንስ እያለች ሴሉ ሲከፋፈል መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። ግን በ1985 በ39 አመቷ ሞተች፣ ስቴፕቶም በ1988፣ ኖቤል ደግሞ ለሞተ ሰው አይሰጥም ስለዚህ በ2010 ኤድዋርድስ ብቻውን ወሰደው። "መንግስት ብር አፍስሶበት ነው" ላልከው ወንድሜ፣ የእንግሊዝ የህክምና ምርምር ካውንስል በ1971 ድጋፍ አንሰጥም ብሎ መልሷቸዋል እኮ፣ በግለሰብ እርዳታ ነው ከካምብሪጅ ስቴፕቶ ሆስፒታል ወደሚሰራባት ኦልድሃም ከተማ በመኪና እየተመላለሱ የሰሩት፣ መንገዱ ደግሞ ቀላል እንዳይመስልህ።