ለቢሾፍቱ ግማሽ ቀን አይበቃም
ስለ ቢሾፍቱ ጉዞ እዚህ የወጣው ጽሑፍ «የቢሾፍቱን ሐይቆች በመኪና ዞሮ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይበቃል» ማለቱ ጨርሶ አልተዋጠልኝም። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ቢሾፍቱ ለእኛ ጎረቤት ናት። ባለፈው ጥር ሚኒባሳችን ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን፣ ቡና ማፍያችንን ይዘን በጠዋት ወጣን። ሐይቆቹ እኮ አንድ ዓይነት አይደሉም! ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ እሳተ ገሞራ የፈነዳባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ዳራቸው ገደል ነው፣ ውሃቸውም ጥልቅ። ጨለለቃ ግን ሜዳ ላይ የተኛ ውሃ ነው፣ በበጋ እየሸሸ ይሄዳል። ወፍ ማየት የሚወድ ሰው መጀመሪያ እዚያ ይሂድ። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎች ሞልተውት ነበር፤ ባለቤቴን ከዚያ ማንሳት አቅቶኝ ሁለት ሰዓት ቆምን። ሆራ የደረስነው ከምሳ በኋላ ነው፣ ባቦጋያን ደግሞ ያየነው ጀምበር ስትጠልቅ። ከላይ በአስተያየትህ «ባሕር በሌለበት አገር የምን ካራቫን (የማደሪያ መኪና)?» ላልከው ወንድሜ፦ ባቦጋያ ዳር የመኪናህን የኋላ በር ከፍተህ ቡና እየጠጣህ አምሽና ንገረኝ። ለማደር ግን ገደሉ ጠርዝ ላይ አታቁም፤ ጥበቃ ያለው ግቢ ጠይቅ።