ሐይቅ በር ባይኖረውም «ቤቶች!» ይባልበታል

ባለፈው ሚያዝያ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲያትል ውስጥ ግሪን ሌክ በሚባለው ሐይቅ ዳር ነበርኩ። ወደ ውኃው ገባ ብሎ በተሠራው የእንጨት መድረክ ላይ ሰባት ስምንት ዓሣ አጥማጆች ተደርድረናል። ከእኔ በስተግራ አንድ ሽበታም ሰውዬ ተጣጣፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የዘንጉን ጫፍ ይጠብቃል። አንድ የአገሬ ልጅ መጣ። የያዘው ዘንግ አዲስ ነው፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተነሣለትም። መድረኩ መግቢያ ላይ ሁለት ሰው የሚያስቆም ባዶ ቦታ ነበር። እሱ ግን ያንን አልፎ በቀጥታ ሽበታሙ ሰውዬ ትከሻ ሥር መጥቶ ቆመ፤ ፈገግ ብሎ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ወረወረም። ክሩ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ሄዶ የሰውዬው ክር ላይ ተጋደመ።

ሰውዬው ቃል አልተነፈሰም። ክሩን ጠቀለለ፣ ወንበሩን አጠፈ፣ ባልዲውን አንሥቶ ሄደ። የአገሬ ልጅ አበሻ መሆኔን ከፊቴ አንብቦ ኖሮ ዞር ብሎ በአማርኛ «ምን አስከፋው?» አለኝ።

የጠየቀው በየዋህነት ነው። እኔ የሰጠሁት መልስ ግን የረባ አልነበረም። «ትንሽ ራቅ ሲሉላቸው ይወዳሉ» ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ መልስ ሲከነክነኝ ከርሟል፤ ስህተት ነውና። ነገሩን የሰው ጠባይ ያደርገዋል። ፈረንጅ መራራቅ ይወዳል፣ አበሻ መቀራረብ ይወዳል ተባብለን እንዘጋዋለን። ከዚያ በኋላ አንዱ ሥልጡን ሌላው ባላገር ይሆናል፤ ወይም በተገላቢጦሽ አንዱ ሰው ወዳድ፣ ሌላው ልቡ የበረደ ይባላል። የሐይቅ ዳር ጨዋነት ግን ከጠባይ በፊት የዕቃ ጉዳይ ነው።

ያደግኩት ሐዋሳ ነው። ልጆች ሆነን አሞራ ገደል አካባቢ ክር በቆርቆሮ ላይ ጠምጥመን፣ ጫፉ ላይ መንጠቆና ትል አድርገን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን እንቀመጥ ነበር። ከኋላችን አባ ኮዳዎቹ መላጣ አንገታቸውን ቀልሰው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። እነሱ እንኳ ከእኛ ይልቅ ተራርቀው ነበር የሚቆሙት። ያም ሆኖ ማንም በማንም አይከፋም። ለምን ቢባል ክራችን የሚወርደው እግራችን ሥር ነው። እጄ የሚደርስበት ውኃ የእኔ፣ ከዚያ አንድ ስንዝር ወዲያ ያለው የጓደኛዬ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከያዘልንም ሽቅብ ቀጥ አድርገን እንስበዋለን እንጂ ሰፈር ለሰፈር አናዞረውም።

ማጠንጠኛ ያለው ዘንግ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ብዙ ጉልበት ሳይጠይቅ ክሩን 25 እና 30 ሜትር ያደርሰዋል። የቆምኩበት ቦታ አንድ ክንድ ቢሆንም የያዝኩት ውኃ ከእግሬ ሥር ጠቦ ይጀምርና ወደ መሀል እየሰፋ ይሄዳል። ያንን ውኃ ዓይን አያየውም፤ አጥር የለው፣ ምልክት የለው። የአገሬ ልጅ ያየው በሰውዬውና በእኔ መካከል ያለውን ባዶ እንጨት ብቻ ነው። እንጨቱ ባዶ ነበር፤ ውኃው ግን ተይዟል።

ይህን የተረዳ ሰው ሜትር መቁጠር አያስፈልገውም። ሁሉም ፊት ለፊቱ ቀጥ አድርጎ ከወረወረ ትከሻ ለትከሻም ቆሞ ክር አይነካካም። ወደ ጎን የሚወረውር ሰው ደግሞ አሥር እርምጃ ርቆ ቆሞም ይደርስብኛል። ነፋሱም አለ። በቡሽ የሚያጠምድ ሰው ቡሹ እየተገፋ ስለሚሄድ ነፋሱ ወደሚነፍስበት ጎን ጫፉን ይዞ ቢቆም የሚበጀው እሱንም ጎረቤቱንም ነው። ከነፋሱ መነሻ በኩል ከቆመ ግን በየአምስት ደቂቃው ቡሹ የሰው ክር ላይ ይንሳፈፋል፤ እሱም በየአምስት ደቂቃው ይቅርታ ይጠይቃል። ሦስተኛው ይቅርታ ላይ ቃሉ ዋጋ ያጣል።

ይህን የምለው ፊደሉን ያለጥፋት ስለቆጠርኩ አይደለም። በጀመርኩበት ዓመት እዚያው መድረክ ላይ አንድ ትራውት የሚባል ዓሣ ያዘልኝ። ደስታው ናላዬን አዞረው። እዚህ አገር ዓሣ የያዘለት ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፊሽ ኦን!» ይላል፤ «ያዘ!» እንደማለት ነው። ጩኸቱ ግን የደስታ ብቻ አይደለም፤ ግራና ቀኝ ያሉት ክራቸውን ቶሎ ሰብስበው መንገድ እንዲለቁ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን አላወቅኩም ነበር። ዝም ብዬ ስጎትት ዓሣው ከሦስት ሰው ክር ሥር ገብቶ ወጣ። ሲመጣ አራት ክር፣ አራት መንጠቆ፣ ለዓሣ ማባበያ የሚሆን ባለቀለም ሊጥና የሐይቅ ሣር አንድ ላይ ተጎንጉነው የወፍ ጎጆ መስለው መጡ። ዓሣው መሀሉ ላይ ይንፈራገጣል። ለመፍታት ስፍጨረጨር አንዲት ሴትዮ ከኪሷ ትንሽ መቀስ አወጣችና ሰጠችኝ። የማንን ክር ልቁረጥ ብዬ ቀና ስል ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። ያጠላለፈ ሰው የራሱን ይቆርጣል ማለቷ ነበር። ቆረጥኩ። የሦስቱ ሰዎች ክር ባንዴ ተፈታ፤ ዓሣውም ከእነመንጠቆዬ ሄደ። ስለ ሐይቅ ዳር ሥርዓት ከዚያ መቀስ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

ሰው ለምን እንዲህ ይታጨቃል የሚል አይጠፋም። ግሪን ሌክ ትንሽ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆን ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ዘጠና እጥፍ ያህል ይሆነዋል። ዳር ዳሩን ከአራት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የእግር መንገድ ይዞረዋል፤ ሯጩ፣ ጋሪ የሚገፋው፣ ውሻ የሚያናፍሰው ከዓሣ አጥማጁ ጀርባ ሲመላለስ ይውላል። ወደ ኋላ ሳያይ ዘንጉን የሚያወናጭፍ ሰው እንግዲህ ትራውት ብቻ አይደለም የሚይዘው። ውኃው ላይ ደግሞ የቀዘፋ ልምምድ የሚያደርጉ ወጣቶች አሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ሰውን የሚያጉረው መኪናው ነው። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በማራቢያ ጣቢያ ያሳደጋቸውን ትራውቶች በመኪና አምጥቶ በየሐይቁ ይለቃል፤ የት፣ መቼ፣ ስንት እንደለቀቀም በድረ ገጹ ያወጣል። ዜናውን ሁሉም ያነባል፤ በማግሥቱ ሁሉም እዚያው ነው። ዓመቱን ሙሉ ክፍት ያልሆኑት ብዙዎቹ የቆላ ሐይቆች ደግሞ የሚከፈቱት በአንድ ቀን፣ በኤፕሪል ወር አራተኛው ቅዳሜ ነው። የዚያን ቀን ጎህ ሳይቀድ በየሐይቁ ዳር የሚታየው ሰልፍ ከገና ዋዜማ ዶሮ ተራ ጋር ቢወዳደር አያንስም። እንዲህ ያለ ግፊያ ተፈጥሮ ያመጣው አይደለም፤ ሰው በቀጠሮ የሠራው ነው። በቀጠሮ የተሠራ ግፊያ ደግሞ ሥርዓቱም አብሮ ሊታሰብለት ይገባ ነበር። አልታሰበለትም።

የግዛቱ የዓሣ ማጥመጃ ደንብ በየሐይቁ ስንት ዓሣ እንደሚያዝ፣ ርዝመቱ ምን ያህል እንደሚሆን፣ ለሁለተኛ ዘንግ ተጨማሪ ፈቃድ እንደሚገዛ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሁለት ሰው በስንት ክንድ ይራራቅ የሚል ነገር ግን አይነግረንም። በሕግ ዓሣ የሚያጠምድን ሰው ሆን ብሎ ማደናቀፍ ወንጀል ነው፤ ነገር ግን ሳያውቅ የተጠጋን የዋህ ማን ፍርድ ቤት ያቆመዋል? ርቀቱ በቁጥር ሲነገረን የማስታውሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ዓሣ ማጥመድ በግዛቱ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ስድስት ጫማ ተራራቁ ተባልን። የሚያስቀው፣ የዚያን ሰሞን ሰው ሁሉ ከጎረቤቱ አካል ሲሸሽ ክሩ ግን እንደ ድሮው ተጠላልፎ ይውል ነበር። የተለካው ለትንፋሽ እንጂ ለክር አልነበረም።

እስካሁን የዘለፍኩት የእኛን ሰው ይመስላል። ቀድመው የሚመጡትም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ሌሊት ተነሥተው የመድረኩን ግማሽ በወንበር፣ በበረዶ ሣጥንና በድምፅ ማጉያ የሚያጥሩ አሉ። የያዙት አንድ ዘንግ ነው፤ የተንጣለሉበት ግን የአራት ሰው ቦታ ነው። የሕዝብ መድረክ ላይ የቀደመ ሰው መብት አለው፤ ይህን አምናለሁ። መብቱ ግን ክሩ እስከደረሰበት እንጂ ሣጥኑ እስከደረሰበት አይደለም። ሲነሣም መብቱ ያበቃል፤ የበረዶ ሣጥን ትቶ ቁርስ በልቶ የሚመጣ ሰው ዕቃውን አስቀመጠ እንጂ ዓሣ እያጠመደ አይደለም።

ከእነሱ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን ያ ሽበታም ሰውዬ ነው። ቅር መሰኘቱ ተገቢ ነበር። ዝምታው ግን ተገቢ አልነበረም። አንድ ዐረፍተ ነገር፣ «ትንሽ ወደዚያ፣ ክሬ እዚህ ድረስ ነው» ቢል የአገሬ ልጅ በይቅርታ ያጣድፈው ነበር። ዝም ብሎ በመሄዱ የአገሬ ልጅ የተማረው ስለ ክር አይደለም፤ ስለ መጠላት ነው። በመኪናው ሲመለስ ምን እያሰበ እንደሄደ መገመት አያዳግትም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት «እናንተ ሰዎች ለምን ትለጠፋላችሁ?» የተባልኩበት ቀን አለ። «እናንተ» የምትለዋ ቃል ከመንጠቆ ትብሳለች። ብቻዬን ቆሜ ነበርኮ።

እና ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ የሚደረገውን እናቶቻችን አስተምረውናል። ባላገር ዘመድ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ የሚያርስ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ አይታለፍም። «እግዜር ያበርታህ!» ይባላል። አራሹም በሬውን ገታ አድርጎ «አሜን፣ አብሮ ያበርታን» ይላል። ሥራ ላይ ያለን ሰው ሰላም ሳይሉ ማሳው ላይ መርገጥ በእኛ አገር ነውር ነው። በሩ ክፍት የሆነ ግቢ ስንደርስም ውጭ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን። በሩ ክፍት መሆኑ የ«ግቡ» ፈቃድ እንዳልሆነ የማያውቅ አበሻ የለም። ከውስጥ «ማነው? ግባ» እስኪባል ድረስ እግራችንን ከደጃፉ አናሳልፍም።

እንግዲህ ያ የአገሬ ልጅ የጎደለው ጨዋነት አልነበረም። ጨዋነቱን ይዞት መጥቷል፤ ሐይቁ በር እንዳለው ግን አላወቀም። ፈገግታውና አንገቱን ዝቅ ማድረጉ የሰላምታ ግማሽ ነው። የቀረው ከመወርወሩ በፊት «ይዞልሃል?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ በጣቱ ወደ ውኃው እያመለከተ «ክርህ በየት በኩል ነው? እዚህ ብቆም አስቸግርሃለሁ?» ማለት ነበር። እንግሊዝኛው ቢሰበርም ጣት ይተረጉመዋል። ይህ ጥያቄ ከተጠየቀ አንድ ክንድ ቦታ ሁለት ሰው ያስቆማል፤ ካልተጠየቀ አሥር ሜትርም ይጠባል። ጥያቄ ነው ካልን ግን መልሱ «አዎን፣ ታስቸግረኛለህ» ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ይሉኝታችን ያሰናክለናል። እኛ የምንጠይቀው እሺ ለመባል ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ካሰብኩ በኋላ እኔው ላይ ደረሰ። መድረኩ ሞልቷል። በጫፉ ላይ ከቆመ አንድ ሰው አጠገብ ጠበብ ያለች ክፍተት አየሁና ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት። ራሱን ነቀነቀ። ቅር አለኝ፤ አልዋሽም። ቀጥሎ በጣቱ አሳየኝ፤ ያላየሁት ሁለተኛ ዘንግ ከመድረኩ የእጅ መደገፊያ ጋር ታስሮ ቆሟል፤ ክሩ የሚሄደው እኔ ልወረውርበት ባሰብኩት በኩል ነው። ከዚያ ሦስት ጣት አወጣ። ሦስት ይዟል፤ በቀን የሚፈቀደው አምስት ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን ሲይዝ ቦታውን ይለቅልኛል ማለቱ ነው። አመስግኜ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቡናዬንም ከፈትኩ። አራተኛውን የያዘው ወዲያው ነበር፤ ወደ እኔ ዞሮ አራት ጣቱን በደስታ አሳየኝ። ተስፋዬ ለመለመ። አምስተኛዋ ግን እስከ እኩለ ቀን አልመጣችም።