ካናዳ ፈቀደች፤ የሰፈሬ ሱቅስ?

ባለፈው ቅዳሜ ዓሣ አምሮኝ ወደ ሐዋሳው አሞራ ገደል የሄድኩበት ባጃጅ ሹፌር ገና ልጅ ነው። ሬዲዮው ስለ ዕፅ ሲያወራ ዞር አለና፣ «ጋሼ፣ ጫት ይሸጣል፣ አረቄ ይሸጣል፣ ጋንጃ ብቻ ምን በድሎ ነው የሚያሳስረው? ካናዳ እንኳ ፈቅዳ የለ እንዴ!» አለኝ።

ካናዳስ ፈቅዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2018። ኡራጓይ በ2013 ቀድማታለች፣ ጀርመን በ2024 ተከትላታለች። እኛ ጋ ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 መሠረት ማብቀሉም፣ መሸጡም፣ መጠቀሙም ያስቀጣል። ሐዋሳ ላይ ተቀምጦ ይህን ወሬ መሸሽ ደግሞ አይቻልም። ሻሸመኔ አፍንጫችን ሥር ናት። የጃማይካ ሰፈር ራስታዎች ቅጠሉን ከእምነታቸው ጋር ነው የሚያያይዙት።

ልጁ የዘለለው ነገር ካናዳ እንዴት እንደፈቀደች ነው። እዚያ የሚሸጠው ፈቃድ ያለው ሱቅ ነው። ዕድሜ ይጠየቃል። የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚሉት፣ መጠኑ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል።

ወደ ሰፈሬ ልምጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልም ሲጋራም እንዳይሸጥ ይከለክላል። እስቲ መታወቂያ አሳይቶ ቢራ የገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሰፈር የስምንት ዓመት ልጅ «አባዬ ሲጋራ ግዛ ብሎኛል» ካለ፣ ባለሱቁ ሁለት ፍሬ ያቀብለዋል። ዝርዝር ከሌለው መልሱን በማስቲካ ይሰጠዋል። ነገ ጋንጃ ቢፈቀድ የሚሸጠው ይኸው ሰው፣ በዚሁ መስኮት ነው።

ታይላንድ ይህን አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ቅጠሉን ከዕፆች ዝርዝር አወጣችው፤ ሽያጩን የሚገዛ የተሟላ ሕግ ግን አላዘጋጀችም። ሱቆች እንደ አሸን ፈሉ። በ2025 ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም ብላ ተመለሰች። ከሁሉ የሚያሳስቡኝ ደግሞ ታዳጊዎች ናቸው። በለጋ ዕድሜ ጀምሮ አዘውትሮ ማጨስ፣ በተለይ በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ላለበት ልጅ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አበክረው የሚያስጠነቅቁት ነገር ነው።

ስለዚህ ሽያጩ ይፈቀድ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ግን አንዲት ጥቅልል ኪሱ የተገኘበትን ልጅ ማሰሩም አይዋጥልኝም። አንድ የማውቀው ልጅ በዚሁ ገብቶ ሲወጣ፣ ሲገባ የማያውቃቸውን ሰዎች ተዋውቆ ነው የተመለሰው። ሥራ የሚሰጠው አጣ። እሱን ሐኪም ዘንድ መላክ ይሻል ነበር፤ ደቡብ አፍሪካም ብትሆን ገበያውን ሳትከፍት፣ አዋቂ ሰው በግል ቢጠቀም ወንጀል አይደለም ያለችው እ.ኤ.አ. በ2018 በፍርድ ቤት ነው።

ይህን ሁሉ ለባጃጁ ልጅ ልነግረው ስጀምር አሞራ ገደል ደረስን። «ጋሼ፣ እሱን ስንመለስ» ብሎ ሌላ ተሳፋሪ ጫነ።